ለአንድ እግር ሦስት መንገድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

አባዬ ሱቅ ማየት ጀምሯል። ዕድሜውን ሙሉ ወደ ሱቅ መስኮት ዞር ብሎ የማያውቅ ሰው ዛሬ ከቤት እስከ ፀጉር ቤታችን ስንሄድ አራት ጊዜ ቆመ። መጀመሪያ ሰዓት ጠጋኙ ጋ፣ ቀጥሎ ጫማ መሸጫው ጋ፣ ከዚያ መድኃኒት ቤቱ ጋ፣ በመጨረሻ የሙሽራ ልብስ የሚያከራዩት ጋ። የሙሽራ ልብሱን ትኩር ብሎ ሲያየው ለማን ነው አልኩት። ላንቺ ነዋ፣ እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም አለኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሳቅን። መንገዱን ስንቀጥል ግን ግራ እግሩን ይጎትት ነበር፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

የአሥር ደቂቃው መንገድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ደንበኛችን፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀን ነበር። «ምላጩ፣ ዛሬ ደግሞ በየት ዞራችሁ ነው የመጣችሁት?» አለው። አባዬን ምላጩ የሚሉት ስለ እጁ አይደለም፣ ስለ ምላሱ ነው። ዛሬ ግን ዝም ብሎ ካፖርቱን ሰቀለ። ምላጩ መልስ ካጣ የሆነ ነገር አለ። ይህን ደብተር ያወጣሁት ለዚህ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጠየቅኩት፣ ተቆጣኝ። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ትንሽ ሲራመድ ባቱን አንድ ነገር ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ሲቆም ይለቀዋል። ከጀመረው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ዓመት በየቀኑ አብሬው ስሄድ ምን እያየሁ ነበር? ቀጠሮ ለዓርብ ሳምንት ያዝኩለት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

የደም ሥር ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። አባዬ በጆሮዬ፣ የዚህን ልጅ ፀጉር ከኋላ የቆረጠው ሰው መታሰር አለበት አለኝ። የደም ግፊቱን በክንዱም በቁርጭምጭሚቱም ለኩት። የግራ እግሩ ግፊት የክንዱን ግማሽ ብቻ ነው። ደም የሚወስደው ሥር ጭኑ ውስጥ ጠቧል፤ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ተዘግቷል። ዕድሜውን ሙሉ ያጨሰው ሲጋራ ነው አሉ። ስኳርም ተገኘበት፤ ስኳር እንዳለበት እስከዛሬ ማንም አያውቅም ነበር።

ሲስተሯ ዐይኑን አስጨፍና ውስጥ እግሩን በቀጭን ክር እየነካች ይሰማዎታል ወይ ትለው ነበር። እሱ አዎ ይላል። ሳትነካውም አዎ ይላል። ሲስተሯ አየችኝና ፈገግ አለች፣ እኔም ሳቄ መጣ።

ሐኪሙ ሦስት መንገድ አለ ብሎ በወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ አስረዳን። አንደኛው ክኒንና መራመድ ነው፤ ሲጋራ ማቆም እዚያ ውስጥ አለ። ሁለተኛው በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ጠባቡን ቦታ በትንሽ ፊኛ መክፈት ነው። ሦስተኛው ቀዶ ጥገና ነው፤ ከራሱ እግር ሌላ ሥር ወስደው ከተዘጋው በላይና በታች ይሰፉታል፣ ደሙ በዚያ ዞሮ ያልፋል። አባዬ ከሦስቱ የቱ ቆሞ መሥራት ያስችለኛል አለው። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

«አሁን የምናወዳድረው የአረማመድ ነገር ነው፣ አንቸኩልም» አለ ሐኪሙ። «እግርዎ ላይ ቁስል ከወጣ ግን ወሬው ሁሉ ይለወጣል። ያኔ የምናወራው እግሩን ስለ ማትረፍ ነው።»

ስንወጣ ሲስተሯ ስለ እግር አጠባበቅ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ። ከሌሎቹ ጋር ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሠንጠረዥ ሠራሁ። ታናሽ ወንድሜ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ሒሳብ ያስተምራል፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን አብረን ሞላነው። መራመድ፦ ቢላ የለውም፣ ሱቁም አይዘጋም፣ ብዙ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ሁለት እጥፍ ይራመዳል፤ ነገር ግን እስኪያመው ድረስ መሄድ፣ ቆሞ ሕመሙን ማሳለፍ፣ እንደገና መሄድ ይጠይቃል፣ ሰነፍ አይሆንለትም። ፊኛ፦ በማግስቱ ቤት ይገባል፤ ግን ረጅም መዘጋት ከሆነ በዓመት በሁለት ዓመት ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ቀዶ ጥገናው፦ ብዙ ይቆያል፤ ግን ልቡ መቻል አለበት፣ ቁስሉ እስኪድን ወራት መቆም የለም።

ወንድሜ አስተማሪ አይደል፣ እያንዳንዱን ከአሥር እናርመው አለ። አረምን፣ ደመርን፤ ሦስቱም እኩል ወጡ ማለት ይቻላል። አባዬ ከሶፋው ላይ፣ እግሬን ፈተና አስቀመጣችሁት፣ ከወደቀ ክፍል ይደግማል እንዴ አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሐኪም ነው። ሹፌሩ ራሱ ፊኛ ተደርጎለት እንደነበር ዛሬ ገና ሰማን። ዓመት ከመንፈቅ ሲሮጥ ከርሞ ተመልሶ ተዘጋበት። አናጢው ደግሞ የወንድሙን ቀዶ ጥገና ያወራል፤ ጠባሳው ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ቢደርስም ሰውየው ዛሬ ደረጃ ይወጣል። አባዬ የሁሉንም በጥሞና እየሰማ ይላጫቸዋል። ማታ ላይ ሁሉንም በሠንጠረዡ ጨመርኩ። ጠርዙ ሞላ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ወንድሜ ለመራመጃ ብሎ ጫማ ላከ። ለስላሳ፣ ሰፊ፣ ጥሩ ጫማ። አባዬ አድርጎት ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ልጅ መሰለኝ። ዛሬ ሳይቆም 140 እርምጃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ከሆስፒታል ተደወለ። ፊኛውን ከመረጥን ለመጪው ሰኞ ቦታ ተገኝቷል። ልባችን ስላልቆረጠ ሁለት ሳምንት ይስጡን አልኳቸው። አባዬን አልጠየቅኩትም። የእናቴን ቀዶ ጥገና እሺ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ አልተነሣችም። ማንም አልወቀሰኝም። አሁንም ብዕር ሲያቀብሉኝ እጄ ይከብደኛል። ማወዳደር ይሻላል። ማወዳደር ማንንም አይገድልም።

እሑድ፣ ኅዳር 1

176 እርምጃ! ሲጋራ ካቆመ ዘጠኝ ቀኑ። ቢያንስ እኔ ፊት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ብርድ ነው። ቤት እንደገባን አባዬ እግሬ በረዶ ሆነ አለ። ሁለት ካልሲ ደረበ፣ አልሆነም። ፎጣ ተጠቀለለለት። አሁን ሞቀኝ፣ ተባረኪ አለ። ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ግራ ተረከዙ ጎን ውሃ ቋጥሯል። ሰፊ ነው። አያመኝም ይላል። የጫማው ነገር ይሆናል። ደንበኛ እየጠበቀ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። አዲስ ጫማ መቼም እስኪለምድ ይልጣል፤ በተለይ እንዲህ ያለ ወፍራም ስፌት ያለው ጫማ። በጣቴ ዳሰስኩት፣ ስፌቱ በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ማለቴ በግምት እዚያ ቦታ። ለወንድሜም እንደዚያው አልኩት። ሻጩ ለስኳር በሽተኛ ይሆናል ብሎኝ ነበር እኮ እታለም አለኝ። ሻጭ ምን የማይለው አለ አልኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ውሃው ፈነዳ። ቅባት እየቀባሁ በጨርቅ አሰርኩት። ሐኪሙ ጋ እንሂድ ስለው ለዚህች ጭረት ብለሽ ሱቅ ልታዘጊኝ ነው አለ። አልተከራከርኩም። መከራከር ነበረብኝ። ውስጤ ግን እዚያ ሄደን ሲያዩት ምን እንደሚሉ መስማት አልፈለገም።

ወንድሜ መደወል ቀንሷል። በየማታው ይደውል የነበረ ሰው ሳምንቱን ሙሉ አንዴ ብቻ። ሲደውልም ከአባዬ ጋ አገናኚኝ አይልም። ሰው ወላጁ ሲታመም እንዲህ ይሸሻል? ሸክሙን ጥሎብኝ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

የቁስሉ ጠርዝ ጠቆረ። ሱቁን ዘግተን ሄድን።

ሐኪሙ ጨርቁን ፈትቶ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ጫማ ልጦት ነው አልኩት። የኔን ነገር ከምንም አልቆጠረውም።

«ይህ ቃጠሎ ነው» አለ። «ሙቅ ነገር ያደረገበት ማን ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። ጨርቁን አነሣሁና ማጠፍ ጀመርኩ።

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ። «ብርድ ብርድ ቢለኝ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ጠቀለልኩበት። የሙያዬ ነገር ሆኖ።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ደም የማይደርሰው እግር ቃጠሎን ሊያድን አይችልም፤ ጤነኛ ሰው በሳምንት የሚረሳው ቁስል እዚህ እግር ላይ እየሰፋ ይሄዳል አለ። መራመድ የሚለው ተሰረዘ። በቶሎ ደም ማድረስ አለብን፣ በፊኛ እንሞክር፣ ካልሆነ ቀዶ ጥገና። ሌላው መንገድ ምን እንደሆነ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ዛሬውኑ አስተኙት።

ቤት ብቻዬን ተመልሼ የሲስተሯን ወረቀት ከፋይሉ አወጣሁ። አራተኛው መስመር፦ እግርዎ ቢቀዘቅዝም ሙቅ ውሃ፣ ሙቅ ጨርቅም ሆነ ማሞቂያ በፍጹም አያስጠጉ፤ ቢቃጠል ላይሰማዎት ይችላል። ከወር በላይ ቤቴ ውስጥ ነበር። ሦስቱን መንገድ ሳወዳድር፣ ፀጉር ስሰነጥቅ፣ አንድ ገጽ ማንበብ አቃተኝ።

እሺ። እዚህ እንኳ ልጻፈው። ፎጣውን የነከርኩት እኔ ነኝ። ሱቅ ውስጥ እንደምሠራው ነው የሠራሁት፤ ውሃውን አፈላሁ፣ ፎጣውን ነከርኩ፣ ጨመቅኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ፎጣ ስጨምቅ እጄ ሙቀት መለየት ትቷል። ደንበኞቻችን እንኳ ያውቃሉ፣ የእሷ እጅ ከብረት ነው ይላሉ። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ፎጣውን መጀመሪያ ለአባዬ የማቀብለው፤ እሱ በክንዱ ውስጠኛ በኩል ይለካዋል፣ ከዚያ ነው ሰው ፊት ላይ የሚያርፈው። ከኔ እጅ በቀጥታ ማንም ፊት ላይ አርፎ አያውቅም። ያን ዕለት የሚለካ አልነበረም። እኔ በማይሰማ እጅ ለክቼ በማይሰማ እግር ላይ ጠቀለልኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ፊኛው አልሆነም። ሽቦው ከተዘጋው ቦታ ማለፍ እምቢ አለ። ሁለት ሰዓት ሞክረዋል። አባዬ ነቅቶ ነበር፤ ሐኪሙን፣ ልጄ ደክሞሃል፣ ና አረፍ በልና ፀጉርህን ላስተካክልልህ ብሎታል አሉኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ልቡን መረመሩት። ይችላል አሉ። ብዕር አቀበሉኝ። ፈረምኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከቀኝ እግሩ ሥር ወስደው ግራውን ቀጠሉት። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጠራኝና ሁለት ጣቴን ይዞ ከአባዬ ቁርጭምጭሚት ጀርባ አስቀመጠው። ይመታል። ያ እጅ፣ ምንም አይሰማውም ያልኩት እጅ፣ ሰማው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሐኪሙ የደስታ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

እግሩ ሞቅ ብሏል፣ ቀለሙ ተመልሷል። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን አልጋ ሽማግሌ ላጨው። ሌሎቹም ተራ ያዙ። ሲስተሯ ልትቆጣ መጥታ አየችና ሄደች። ለወንድሜ ደውዬ ይህን ስነግረው አለቀሰ። ቁስሉስ አለኝ። እየዳነ ነው አልኩት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያለ ደጋገመው። ስለ ፎጣው ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አሁን ደስ ብሎት ምን አስቸኮለኝ ብዬ ተውኩት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ጠዋት ጣቴን አስቀመጥኩ። የለም። ቦታውን ስቼ ነው ብዬ ወዲያ ወዲህ ፈለግኩ። ሲስተር ጠራሁ። ሮጡ።

ያው ዕለት፣ ኮሪደር ላይ

የተሰፋው ሥር ውስጥ ደም ረግቷል። እንደገና ከፈቱት። ሐኪሙ ፊቴን ሳያይ ነው የሚያወራኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

አልያዘም። ቁስሉ አጥንት ደርሷል፣ ሁለት ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ ትኩሳት ጀምሮታል። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ቆሞ የማይነገር ነገር እንደሆነ በዚያው ገባኝ። ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት። ከዘገየን ከጉልበት በላይ ይሆናል፣ ወይም እሱ ራሱ አይተርፍም።

«ጉልበቴን ተዉልኝ» አለ አባዬ። «ሰው ሠራሽ እግር ቢሆንም የምቆመው በጉልበቴ ነው።» ከዚያ ራሱ ፈረመ። ለኔ ብዕሩን አላቀበለኝም።

ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ከስቷል። አባዬን ሳመውና ወጣ፤ ጨርቁ ሲፈታ አላየም። ማታ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ዋለ። ና ግባ፣ አባትህ ነው እኮ አልኩት፣ ጠንከር አድርጌ። አልችልም እታለም አለኝ። ፈሪ ነው ብዬ አሰብኩ። ቤት ስንገባ በሩ ሥር የነበረውን የመራመጃ ጫማ አነሣና ውጭ ወስዶ ቆሻሻው ውስጥ ከተተው። መጋረጃው ጋ ቆሜ አየሁት። ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። ልብሱን ሲያራግፍ፣ እጁን ሲታጠብ፣ ገብቶ ሲቀመጥ፣ በያንዳንዱ ለመናገር ጊዜ ነበረኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ቆረጡት። ተርፏል።

ሲነቃ መጀመሪያ ያየው ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ ነው። ከዚያ እኔን አየና፣ እንዴት ነሽ አለኝ። እኔን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ወንድሜ ትናንት ወደ ሥራው ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት ከአባዬ ጋ ብቻውን ቆየ። ሲወጣ ዐይኑ ቀልቷል። ምን ተባባላችሁ አላልኩትም።

ሱቁን ከፍቻለሁ። ሁለተኛው ወንበር ላይ አንድ ቅጥር ፀጉር ቆራጭ ይሠራል። ደንበኞች ይጠይቁኛል፤ ምን ነካው ምላጩን ይሉኛል። የደም ሥር መዘጋት ነው እላለሁ። ውሸት አይደለም።

እሑድ፣ ጥር 11

አባዬ ቤት ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት ቁስሉን አጥቤ አሰርኩለት። በደንብ እየገጠመ ነው። ለብ ያለውን ውሃ ሳመጣ እንደ ሱቁ ክንዱን ዘረጋልኝ፤ ለካውና ጥሩ ነው አለ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ፎጣውን ያደረግኩት እኔ ነኝ» አልኩት። እሱ የማያውቀው ይመስል።

«አውቃለሁ። አልተኛሁም ነበር።» ፋሻውን ጫፍ ይዞ አቀበለኝ። «ሞቀኝ ያልኩሽም ውሸቴን ነው። ምንም አልተሰማኝም። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ውለሽ፣ ገና ሳትቀመጪ ውሃ አፈላሽ። ምንም የለም ብልሽ ሌላ ልትጨምሪ ነው። አረፍ እንድትይ ብዬ ሞቀኝ አልኩ።»

ጭንቅላቴን ጉልበቱ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። ፀጉሬን እያበጠረ ቆየ፤ ከዚያ፣ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ልቆርጥልሽ ይገባል አለኝ። ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ከዚህ በኋላ ያልፋል። ግን አልጨረሰም ነበር።

«ወንድምሽ ሊሄድ ሲል እግሬ ሥር ተንበርክኮ ስለ ጫማው ይቅርታ ጠየቀኝ» አለ። «የምን ጫማ አልኩት። እግሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ አለኝ። አይደለም ብዬ ብነግረው አላመነኝም፣ ለማጽናናት የምናገር መሰለው። እኔን ተይኝ ልጄ። እኔና አንቺ አንድ ላይ ነው የሠራነው። ለእሱ ደውይለት። ካንቺ ነው መስማት ያለበት።»

ጓዳ ገብቼ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፎጣውን፣ እጄን፣ ወረቀቱን፣ ሐኪሙ ቃጠሎ ነው ያለበትን ቀን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረም።

የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«ጫማው አይደለም ማለት ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት።

«እሺ እታለም። ክፍል ገብቻለሁ፣ ተማሪዎቹ እየጠበቁኝ ነው» ብሎ ዘጋው።

ዛሬ እሑድ ነው።